«ንዝረት ነው» አልከኝ

ውድ አባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ሁሉ ለአባት የማይጻፍ ሆነብኝ።

ትናንት አክስቴ ደውላ «አባትሽ እህል አልቀምስ ብሏል፤ ምን ብትዪው ነው?» አለችኝ። ምንም እንዳላልኩህ አንተ ታውቃለህ። ምንም ሳልልህ ነው የመጣሁት። አሁን ግን እላለሁ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። ደግሞ ብላ። በመኪና ያልያዝከኝን በረሃብ ልትይዘኝ ነው?

ከተራራው ማዶ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን፣ የራሱ መኪና ያለው ሠራተኛ እንደሚፈልጉ የነገርኩህ ቀን «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለህ ትከሻዬን መታ መታ አደረግክ። በሳምንቱ መኪናዬ ዳገት አልወጣ አለች። ሜዳው ላይ ምንም አልሆነችም። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ግን ፉጨት፣ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ማቃሰት ብቻ። ድንጋይ የጫነ መኪና ሳይቀር ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመኝ። ተመልሼ ስመጣ በር ላይ ቆመህ «አልኩሽ እኮ፣ ለዚያ መንገድ አትሆንም» አልከኝ። አላልከኝም ነበር።

ኮፈኑን ከፍተህ ደግሞ አስተማርከኝ። ቱርቦው አየር አምቆ ወደ ሞተሩ እንደሚገፋ፣ መሀል ላይ ቱቦው ካፈሰ ሞተሩ ነዳጁን ይዞ አየር እንደሚያጥረው፣ ጭሱም ከዚያ እንደሚመጣ። የቱርቦውን አፍ በክዳን ደፈንክ፤ ክዳኑ ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ሰክተህ ከኮምፕሬሰሩ አየር ቀስ እያልክ ለቀቅክ። እኔ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ እረጫለሁ። «አየር ሌባ ነው፤ ግን ዝም ብሎ አይወጣም፣ ጆሮሽን ስጪው» ትለኝ ነበር። አረፋው ቡልቅ ሲል አብረን ሳቅን። የሚያንገበግበኝ እሱ ሳቅ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በአባት ግን አልጠረጠርኩም።

የላላው ፋሼታ ነበር፣ ቱቦውን አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት። አጠበቅነው፣ ደህና ሆነች። ከዚያ ሌላው ላላ። እሱን ስናጠብቅ ደግሞ ሌላው። ቀጣሪዎቹ ደውለው «እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቅሻለን፣ ከዚያ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» ሲሉኝ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ሰምተሃል። «አይዞሽ፣ እናገኘዋለን» አልከኝ። ምኑን ነበር የምናገኘው?

ያጠበቁትን ነገር በቀለም ማስመር ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ቀለም ባጣ የጥፍር ቀለሜን አመጣሁና በየፋሼታው ላይ፣ ከሥር በማይታየው በኩል፣ ቀይ መስመር አሰመርኩ። ቀለበቱ ከተንሸራተተ መስመሩ ይሰበራል። ያን ቀን መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም፣ ሞተሯም አልተነሳም። በማግስቱ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከመስመሮቹ አንዱ ለሁለት ተከፍሏል።

«አባዬ፣ ይሄ እንዴት ላላ?» አልኩህ።

«ንዝረት ነው።»

«ቆማ እኮ ነው ያደረችው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ? ነክቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ዕድሜህን ሙሉ መካኒክ ሆነህ የኖርክ ሰው የቆመ መኪና ይነዝራል አልከኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩና ወደ ቤት ገባሁ። ክርክር ብገጥምህ የምናገረውን ፈርቼ ነው።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬን ጭኜ ኮፈኑን ፊትህ ከፈትኩ። ፋሼታዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። ሁለቱ ልል ነበሩ። ካቻቢቴ ፍለጋ የመሣሪያ ሣጥኑን ስበረብር ቆይቼ አጣሁት። አንተም ከሹራብህ ኪስ አውጥተህ አቀበልከኝ። ምን እንዳደረግክ የገባህ እጄ ከገባ በኋላ ነው፤ ፊትህ ሲለወጥ አየሁት። አጠበቅኳቸው፣ መልሼ ሰጠሁህ። ከዚያ ሄደህ የግቢውን በር ከፈትክልኝ።

ዳገቱን ያለ ፉጨት፣ ያለ ጭስ ወጣችው። እኔ ግን መሪውን እየደበደብኩ ስሳደብ ነበር። የተሳደብኩትን አልጽፍልህም።

አክስቴ «ብቻውን መቅረት ፈርቶ ነው እንጂ ጠልቶሽ አይደለም» ትለኛለች። እንዳልጠላኸኝ አውቃለሁ። ብትጠላኝማ በቀለለኝ፤ ጠላት መኪና ቢያበላሽ ምኑ ይገርማል? አንተ ግን አስተማሪዬ ሆነህ አጠገቤ እየቆምክ፣ የሚያፈስበትን አብረኸኝ እየፈለግክ፣ ዞር ስል መልሰህ ታላላለህ። ሞኝ አደረግከኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አልገባህም፤ እዚያ ሥራ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ አላልኩም ነበር። ስወላውል ነበር። አመሻሽ ላይ ሰበብ እየፈጠርኩ አጠገብህ የምቀመጠው አንዲት ቃል ትወጣህ እንደሆነ ብዬ ነው። «አትሂጂ» ብትለኝ እቀር ነበር፣ አባዬ። ሳላኮርፍ እቀር ነበር። ያቺን ቃል ከመናገር ይልቅ ኮፈን መክፈት ቀለለህ።

አሁን ሥራውን ወድጄዋለሁ፣ አልመለስም። ግን ደውልልኝና «አትሂጂ» በለኝ። እምቢ ልበልህ።

ልጅህ