ጫፉ ያልተቀደደ ትኬት

መጋቢት 12

ቅዳሜ። ኢዱ ትናንት አለፈ፣ ጋሽ ሙሐመድአሚን የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ከፈቱ። በዚህም መሠረት ኮሚቴው ተሰበሰበ።

ኮሚቴ ማለት አራት ሰው ነው። ጋሽ ሙሐመድአሚን ሰብሳቢ (ወንበሮቹ የሳቸው ስለሆኑ)። ራሄል ከመድኃኒት ቤት። ሁዜይፋ ሞባይል ጠጋኙ። እኔ በለጡ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ማንም ሳይሾመኝ ጸሐፊ። አጀንዳ አንድ ብቻ... ኮንሰርት።

ኔትወርኩ ሲጠፋ ነው የጀመርነው። ዘፈን በስልክ ማየት ቀረ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? በአካል ያየነውን እርስ በርስ መተረክ ያዝን። አሁን ኔትወርኩ ሲመጣም ሲሄድም አላቆምንም። ደንብ አለ። ተራኪ የጋሽ ሙሐመድአሚንን የልብስ መለኪያ ሜትር እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ያደርጋል። ትኬቱን ያሳያል። ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ያላየውን ያወራ ሰው ለአንድ ወር የልብስ ቁልፍ ይተክላል።

ዛሬ ራሄል ነበረች። አዲስ አበባ፣ ዝናብ፣ ጭፈራው መሀል አንድ ጫማ ጠፋባት፣ በአንድ እግር ጫማ እስከ መጨረሻው ጨፈረች።

ሁዜይፋ፦ «የጠፋው የግራው ነው የቀኙ?»

«አንተ ጋ ጠፍቶ የቀረው ስልኬ የግራ ነበር የቀኝ?»

በሳቅ ተበተንን። በሩ ላይ ሳለን ጋሽ ሙሐመድአሚን «በለጡ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ያንቺ ነው» አሉኝ። ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

መጋቢት 13

ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ይጻፍ።

አምና ሚያዝያ 23 ደሴ ሄድኩ፣ ለኮንሰርት። ትኬት ነበረኝ። አሁንም አለኝ፣ በዚህ ደብተር ሽፋን ውስጥ። የገባ ሰው ትኬት ጫፉን በር ላይ ይቀድዱታል። የእኔ ሙሉ ነው። ከነጫፉ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነኀፍረቱ።

በሩ ላይ ግፊያ ነበር። እግሬ መሬት ለቀቀ። ደረቴ ታፈነ። ፈራሁ። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲጋፋ እኔ ወደ ውጪ ተጋፋሁ፣ ወጣሁ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ በሩ ተዘጋ። አጥሩን ተደግፌ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ስመለስ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ኧረ ተዉኝ!» አልኩ። እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ «ተዉኝ» ማለት «ገብቼ አበድኩ» ማለት ነው ለካ።

ዓመት ሙሉ እንዲህ ገብቼ ቀረሁ።

መጋቢት 19

ተረክሁ። ቁልፍ ብተክል ይሻለኝ ነበር።

ትኬቱን አሳየሁ፣ አውራ ጣቴ ጫፉ ላይ። ማንም አላየ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ሆነና አፌ ተፈታ። የመድረኩን መብራት አወረድኩ፣ ጭሱን አወጣሁ፣ ዘፋኙን ነጭ ጫማ አለበስኩት። በጾም ሆዴ እንዴት እንደዚያ እንደሚዋሽ... ጭብጨባው ልብ ያሳብጣል። ልቤ ሲያብጥ ጊዜ አምልጦኝ አጥሩ ሥር ያየሁትን እውነት ከውሸቱ ቀላቀልኩ። «ከበሮው በተመታ ቁጥር አንዲት ውኃ የጫነች አህያ ታናፋለች» አልኩ።

«አህያዋም ትኬት ነበራት?» አለ ሁዜይፋ።

«ከአጥሩ ማዶ ነው እንጂ!» አልኩ።

ሳቁ ሳያልቅ ቀና ብል በሩ ላይ እትዬ ወርቄ ቆመዋል፣ ከል ለብሰው፣ ነጭ ጨርቅ ብብታቸው ሥር ይዘው። የአድማሴ እናት። አድማሴ ለዚያው ኮንሰርት ሄዶ በሦስተኛው ቀን ሲመለስ አቀስታ ሳይደርስ መኪናው የተገለበጠበት ልጅ። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ነበር እኮ። ሙት ዓመቱ ሊደርስ ነው፣ ከሉን የሚያወልቁበትን ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው ነው።

ሜትሩን ከአንገቴ አውጥቼ ለጋሽ ሙሐመድአሚን ሰጠሁ። እሳቸው የእትዬ ወርቄን ትከሻ ሲለኩ፣ እትዬ ወርቄ እኔን ነበር የሚያዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ደሴ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ እትዬ።»

«ልጄን አይተሽው ይሆን? ረጅም ነው።»

ምን ሆንኩ? አላየሁትም። አላየሁትም። አንገቴ ግን... ነቀነቀ። አዎ ብሎ ነቀነቀ።

መጋቢት 20

ቁርስ አልበላሁም። ምሳም። ጾም ነው ብዬ አለፍኩት።

መጋቢት 23

እትዬ ወርቄ መሥሪያ ቤት መጡ። መዝገብ ቤት ድረስ። ፋይል ጀርባ ልደበቅ አሰብኩ፣ ፋይሎቹ ከእኔ ቀጭን ናቸው።

«ሚያዝያ 26 ድንኳን ይጣላል» አሉ። «ቄሱም፣ ሼሁም፣ ቤተ ዘመዱም ባለበት ትናገሪልኛለሽ። የልጄን የመጨረሻውን ደስታ። የነበረ ሰው ይናገር።»

«እትዬ፣ እኔ ንግግር አልችልም...»

«ሱቁ ውስጥ ስትችዪ ሰማሁሽ።»

ሊወጡ ሲሉ ዞሩ። «በየት በኩል ነበር የቆምሽው?»

«በ... በጎን በኩል።»

«እ... በጎን» አሉና ሄዱ። ለምን ጠየቁ? ያቺ «እ» ምንድን ናት? ቀኑን ሙሉ «እ»ን ስተረጉም ዋልኩ። አንድ ደብዳቤ ካሁን በፊት ባልጠፋበት መሥሪያ ቤት ሦስት ደብዳቤ ጠፋ።

መጋቢት 28

የማምለጫ ዕቅድ፣ ተራ ቁጥር አንድ። ከሚያዝያ 20 እስከ 30 ለመስክ ሥራ ከላላ ልሂድ ብዬ አመለከትኩ።

ኃላፊው፦ «መዝገብ ቤት መስክ ሥራ አለው እንዴ?»

«ጥናት ነው።»

«መንገዱን ሳታጠኚ? ሰው በዚህ ጊዜ ከቤቱ መውጣት ፈርቷል፣ አንቺ ከላላ?»

እኔ ደግሞ ከመንገዱ ይልቅ ድንኳኑን ፈራሁ። ማን ይረዳኛል?

ሚያዝያ 1

ተራ ቁጥር ሁለት። መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

«ራሄል፣ ለትኩሳት የሚሆን ነገር አለ?»

«ለማውረድ?»

«ለማምጣት።»

ግንባሬን ነካችው። «አንቺ እኮ ትኩሳት የለሽም፣ ጉዳይ ነው ያለሽ። ምንድን ነው?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ገባች። ዘጋሁት።

ሚያዝያ 4

ፋሲካ። ጎረቤት ሁሉ ነጭ ለብሷል። እትዬ ወርቄን ከሩቅ አየኋቸው፣ በከል። ሰላም ሳልላቸው በሌላ መንገድ ዞርኩ። በፋሲካ ቀን ከሐዘንተኛ የሚሸሽ... እኔ ማን ነኝ?

ሚያዝያ 10

ቀሚሱ አልቋል። ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ነጭ፣ ጥለቱ ሰማያዊ። በሩ ሲከፈት ነፋስ ይገባና እጅጌው ይነሳል። ወደ እኔ የሚጠቁም ይመስለኛል። ፊቴን አዞርኩ።

«አልወሰዱትም?» አልኩ።

«አልወሰዱም» አሉ ጋሽ ሙሐመድአሚን። «ልጅቱ ስትናገር ሰምቼ ነው የምለብሰው፣ ካልሰማሁ ከሌን አላወልቅም አሉኝ።»

ያ ረቢ። የሴትየዋ ከል በእኔ አንገት ላይ ነው ያለው ማለት ነው። በዚያችው በነቀነቀችው።

ሁዜይፋና ራሄል ወጡ። እኔ ቀረሁ።

«ጋሽ ሙሐመድአሚን፣ አንድ ሰው ቢዋሽ... እኔ ሳልሆን አንድ ሰው...»

«እሺ፣ ያ ሰው።»

«ውሸቱም ለሌላ ሰው መጽናኛ ቢሆን?»

መርፌያቸውን አስቀመጡ። አላዩኝም። ቀሚሱን ነው ያዩት። «በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ቀሚስ ለፎቶ ይሆናል። ወንዝ አያሻግርም። ያ ሰው በጊዜ ይስፋው በይው።» ቀጥለውም፣ «አብሽሪ። አንቺ አይደለሽ ምን ያስፈራሻል።»

ያውቃሉ። ወላሂ ያውቃሉ። ትኬቱ ላይ የነበረችውን አውራ ጣቴን አይተዋታል።

ሚያዝያ 23

አንድ ዓመት። በዚህች ሰዓት አጥሩን ተደግፌ ነበር። ያን ቀን ያልፈራሁት ነገር ቢኖር አህያዋን ብቻ።

ሚያዝያ 25

ለነገ ንግግር አረቀቅሁ።

«ጉዳዩ፦ ስለ ኮንሰርት ማስታወስን ይመለከታል። ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው ሟች በዕለቱ ደስተኛ የነበረ መሆኑን...»

ቀደድኩት።

ሁለተኛ ረቂቅ። አረንጓዴ ጃኬት አለበስኩት፣ ሰው ትከሻ ላይ አወጣሁት፣ ከዘፋኙ ጋር አዘፈንኩት። ያምራል። እናቱ ያለቅሳሉ፣ ይመርቁኛል፣ ከላቸውን ያወልቃሉ። ማን ይጎዳል?

ከዚያ አሰብኩ። እትዬ ወርቄ ይህን ጃኬት ይወዱታል። በልባቸው ያስቀምጡታል። እስኪሞቱ ድረስ ልጃቸውን እኔ የሰፋሁትን ጃኬት ለብሶ ነው የሚያዩት። አድማሴን ገፍቼ የእኔን ሰው ማስገባቴ አይደለም?

ይህኛውንም ቀደድኩት። እውነቱን ብናገርስ? በመቶ ሰው ፊት፣ በሙት ዓመት፣ ለሐዘንተኛ ዋሽቼ ነበር ብዬ? ከከተማው ያስወጡኛል። የማይቀደደው ያ ትኬት ብቻ ነው የቀረኝ።

ሚያዝያ 26

በቅደም ተከተል።

ከፍትሐቱ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። በቀኝ የክርስቲያኑ ማዕድ፣ በግራ ጎረቤታቸው ሀሊማ ያሰናዳችው የእስላሙ። ቄሱና ሼሁ ጎን ለጎን ስለ ዝናብ ያወራሉ። ኮሚቴው በሙሉ ተገኝቷል። ምግቡ እንደቀረበልኝ ቀረ። እትዬ ወርቄ ተነሡ።

«ከልጄ ጋር ደሴ የነበረች ልጅ አለች። ትናገር።»

ቆምኩ። ሰው ሁሉ ማላመጡን አቆመ።

«አልገባሁም» አልኩ።

አልተሰማም መሰለኝ። ደገምኩት። «ኮንሰርቱ ውስጥ አልገባሁም። በሩ ላይ ፈርቼ ተመለስኩ። ሲዘፈን ውጪ አጥሩን ተደግፌ ነበርኩ። እትዬ፣ አድማሴን አላየሁትም። ሲጠይቁኝ ነቀነቅሁ እንጂ አላየሁትም።» ትኬቱን አውጥቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ ጣቴን ከጫፉ አንስቼ።

የእትዬ ወርቄ ወንድም የኋላሸት ተነሣ። «ታዲያ ምን ልታወሪ ቆምሽ? በሐዘን ላይ ልትቀልጂ?»

ልወጣ ዞርኩ። በሩ ግን ሩቅ ነው፣ የሰው ጉልበት ብዙ።

«ተው የኋላሸት። ተቀመጥ» አሉ እትዬ ወርቄ። ከዚያ ወደ እኔ፣ በዝግታ፣ «አጥሩ ምን ዓይነት ነበር?»

«እ?»

«የተደገፍሽው አጥር።»

«ብሎኬት። ያልተለሰነ። ጀርባ ይፍቃል።»

«ብቻሽን ነበርሽ?»

«ኧረ... ብዙ ነበርን። ሁለት መቶ እንሆናለን። የሚሰማው ከበሮው ብቻ ነው፣ ግጥሙ አይለይም። የውስጦቹ ሲጮኹ እኛ ደግሞ ገምተን እንጮሃለን፣ ሁልጊዜ ዘግይተን። አንዱ ቆሎ ገዝቶ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያድላል። ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ወዲያው ቤተሰብ ሆንን።»

«አህያዋስ?»

«ጄሪካን የተጫነች ነበረች። ከበሮው ሲመታ ታናፋለች። ባለቤቷ አፍሮ በሻሹ አፏን አሰረው፣ እሷ ሻሹን በላችው።»

እትዬ ወርቄ ሳቁ። አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው ሳቁ። ድንኳኑ ግራ ተጋባ፣ ዓመት ሙሉ ያልሳቁ ሴት ናቸው።

«አድማሴ ያን ቀን ደወለልኝ» አሉ። ለእኔ ሳይሆን ለሁሉም። «እማ፣ በሩን ዘጉት፣ ውጪ ቀረሁ አለኝ። ግን ስሚ ብሎ ስልኩን ወደ አጥሩ ዘረጋልኝ። ዘፈኑ ድም ድም ብቻ ነው። አህያዋን ግን ሰማኋት። እማ ሻሹን በላችው እያለ ይስቃል። ሌላ ድምፁን አልሰማሁም ከዚያ ወዲህ።»

ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ቀጠሉ። «የቆመበትን ቦታ ያየ ሰው ፈልጌ ዓመት ሙሉ ጠየቅሁ። የጠየቅሁት ሁሉ ውስጥ ነበርኩ ይለኛል። ያን ሁሉ ሰው የቻለ ሜዳ ምን ያህል ቢሆን ነው? ውጪ የነበረ አንድ ሰው ጠፋ? ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስለ አህያዋ ስትናገሪ ሰምቼ ነው ያወቅሁሽ፣ ልጄ። እስክትዪው ጠበቅሁሽ።»

«ለምን በሰው ፊት፣ እትዬ?» አልኩ።

«እጓዳ ብጠይቅሽ ትነቀንቂልኝ ነበር።»

ጋሽ ሙሐመድአሚን ወደ ላይ አዩ። የድንኳኑን ስፌት ይመረምሩ ነበር ቢሉ አላምንም።

ግንቦት 1

ልደታ። ቅዳሜ ነው። ሀገሩ ውጪ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል። ኮሚቴውም በሱቁ በር ላይ።

መጀመሪያ የዲሲፕሊን ጉዳይ ታየ። ያላየችውን ያወራችው በለጡ አንድ ወር ቁልፍ እንድትተክል ተወሰነ። አልተከራከርኩም። ቀጥሎ ራሄል የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበች። ጫማው የጠፋው ጭፈራው መሀል ሳይሆን በር ላይ፣ ሰልፍ ውስጥ ነው፣ ይታረም። ታረመ። ሁዜይፋ ንፍሮውን አጎንብሶ ይቆጥር ጀመር፣ ማንም ምንም አልጠየቀውም።

እትዬ ወርቄ መጡ። በነጩ ቀሚስ። አንገቱ ትንሽ ይሰፋል፣ ከስተዋል። ጋሽ ሙሐመድአሚን ወንበር አቀረቡ፣ ሜትሩን በሁለት እጃቸው አንገታቸው ላይ አደረጉላቸው።

«እኔ እኮ ትኬት የለኝም» አሉ እትዬ ወርቄ።

«በስልክ የገባ ሰው ትኬት አይጠየቅም» አሉ ሰብሳቢው። ይህ አንቀጽ ደንቡ ውስጥ አልነበረም። ጻፍኩት።

ኮንሰርቱን ተረኩልን። አራት ደቂቃ ተኩል የፈጀ ኮንሰርት። ድም ድምታውን በመዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ። አህያዋ ላይ ሲደርሱ ሁላችንም አናፋን፣ መንገደኛ ዞሮ አየን። ሦስቱን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም።

ሲጨርሱ ጋሽ ሙሐመድአሚን እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ትኬቱን አምጪ።»

ደነገጥኩ። ልማድ ነው። ሰጠኋቸው። ትልቁን መቀሳቸውን አነሱ፣ ጫፉን ቀጥ አድርገው ቆረጡትና ቀሪውን መለሱልኝ።

እትዬ ወርቄ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት።

«ግቢ» አሉኝ።