ዳባት ላይ የቆመችው ጀልባሽ

ጥሩዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየሽኝ ወዲህ መንፈቅሽን አውጥተናል፤ አሁን ክረምቱ ገብቷል፣ መስከረም ሲጠባ ሙት ዓመትሽ ነው። ስምሽን በጸሎት ማንሣቱ ሥራዬ ነውና እሱን አልነግርሽም። ይህን የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ጀልባሽን መጠገን ጀምሬአለሁ።

ሳቂ። የዳባት ሰው ሁሉ ስቆ ጨርሷል፤ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ጌሾ አጥሩን ዘሎ ወደ ጎረቤት ተንጠላጥሏል። ላሚቱን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ማለብ አልሆነልኝም፣ እሷም እኔን አልወደደችኝም። ልብስሽን ለችግረኛ ስጥ ያሉኝን ሴቶች ግን «ጊዜውን እኔ አውቃለሁ» ብዬ መለስኋቸው። እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ ወጥቶ እንደማያውቅ አንቺ ምስክሬ ነሽ። አሁን ይወጣል።

ጀልባዋን ያመጣሽበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። አባትሽ ዕድሜ ልኩን ከጎርጎራ ወደ ደሴቶቹ ሰውና እህል ሲያመላልስባት ኖሮ ሲሞት፣ ወንድምሽ ዳምጤ የብረት ጀልባ ገዛ፤ ይቺን ሐይቁ ዳር ፀሐይ ይሰነጥቃት ጀመር። አንቺ መሬት አልጠየቅሽም፣ ከብት አልጠየቅሽም፤ «የኔ ድርሻ እሷ ናት» ብለሽ ተነሣሽ። አይሱዙ ላይ አስጭነሽ፣ ጋቢናው ባዶ እያለ ከኋላ ከጀልባዋ ጋር ተቀምጠሽ፣ የኮሶዬን ዳገት ብርድ እየጠጣሽ መጣሽ። ግቢያችን ስትደርሺ ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር። ዓይንሽ ግን የሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲያ አላበራም።

«መሪጌታ፣ ውኃ በሌለበት አገር ጀልባ አመጣሁብዎ» አልሽኝ። ሰው ፊት ሁልጊዜም አንቱ ነበርሁ። ሰዉ ሲበተን እጄን ይዘሽ ወደ ጀልባዋ ሆድ አስገባሽኝና «እዚህ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት፤ አንተም ተቀመጥ» አልሽኝ። ተቀመጥሁ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ መጣ፤ አንድ ሳንቃ ሳትነኪ ሄድሽ።

ከፋሲካ በኋላ ዳምጤ ብቅ አለ። ብቻውን አልነበረም፤ ሎጅ የሚሠራ አንድ ሰውና ባዶ አይሱዙ አስከትሏል። ሰውየው እንደምን ዋሉ እንኳ በቅጡ ሳይለኝ ሜትሩን ዘርግቶ ጀልባዋን ይለካ ጀመር።

«ከመሃል እንቆርጣታለን» አለ። «ግማሿን ቀጥ አድርገን ስናቆማት የመጠጥ መደርደሪያ ትሆናለች። ቱሪስት እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።»

ዳምጤን አየሁት። «ይህ ምንድን ነው?»

«መሪጌታ፣ እሷ እንደሁ አልፋለች። እዚህ ቆማ ከምትበሰብስ ለአንድ ነገር ትዋል። እንጨት እኮ ናት።»

ጥሩዬ፣ ቍጡ ሰው እንዳልሆንሁ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ደሜ ፈላ። ግን አልጮህሁም። ቤት ገባሁ፣ ዳዊቴን ይዤ ወጣሁ፣ መሰላል አስደግፌ በግንድ ላይ የቆመችው ጀልባ ውስጥ ገባሁና ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሬ መድገም ያዝሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሳልቸኩል።

ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። የሎጁ ሰው ትንሽ ጠበቀና «ይጨርሱ፣ ከዚያ እናነሣለን» አለ።

«ዳዊት መቼ የሚያልቅ መሰለህ?» አለው ዳምጤ።

ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተደርድሮ ያያል። እኔ እደግማለሁ። ዳዊት የሚደግም ሰው ጎትቶ የሚያወርድ ደፋር ዳባት ላይ አልተገኘም። ወደ ማምሻው አይሱዙው እንደመጣ ባዶውን ተመለሰ፤ ዳምጤም ሳይሰናበተኝ አብሮ ሄደ። ጉሮሮዬ ደርቆ ወረድሁ። ዳዊት እንደዚያን ቀን ጥሞኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርሁ። ማንንም አላማከርሁም። በተማሪነቴ ብራና የፋቀ እጅ የጀልባ ቀለም መፋቅ አያቅተውም አልሁ። ሰማያዊው ሲነሣ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፤ ከአረንጓዴው ሥር ቀይ። አንቺ ልጅ ሆነሽ የነበረችው በየትኛው ቀለም ይሆን እያልሁ ስፍቅ እውላለሁ። ሲጠራልኝ ሳንቃውን በወስፌ እየወጋሁ ጤነኛውን ከበሰበሰው ለየሁ። ከላይ ያለው ዋንዛ ድንጋይ ነው። ከታች ግን ወስፌው ያለ ጉልበት ይገባል፤ ብዙው እንደ ዳቦ ተፈረፈረ። ደነገጥሁ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ መንቀያውን አነሣሁ።

የደብራችን አለቃ ይህን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። እኔ ጀልባዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር።

«መሪጌታ፣ ሰዉ የኖኅ መርከብ እያለ ይሳለቃል» አሉኝ። «የድጓ መምህር በአቧራ ታጥቦ እንጨት ሥር ሲንፏቀቅ ለእርስዎም ለደብሩም ክብር አይሆንም። ሐዘን ነው፣ ይገባኛል። ግን ይበቃዎታል።»

ወጥቼ አቧራዬን አራገፍሁ። «አባቴ፣ ኖኅ ታዞ ነው የሠራ። እኔን ያዘዘኝ የለም፤ ወድጄ ነው። ከማኅሌት ጎድዬ አውቃለሁ?»

«አልጎደሉም።»

«ተማሪ በትኛለሁ?»

«አልበተኑም።»

«እንግዲያው የተረፈው ሰዓት የኔና የባለቤቴ ነው።»

 አለቃ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጀልባዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። በሩ ላይ ሲደርሱ መለስ ብለው «ምን እንጨት ነው?» አሉኝ።

ሰኔ ሲገባ ዳምጤ ተመለሰ፤ አሁን ብቻውን። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁበት። እኔ የገጠምሁትን አዲስ ሳንቃ በጡጫው መታ መታ አደረገው።

«ማን ነው ይህን የገጠመው?»

«እኔ።»

«ጠማማ ነው።»

«ጠማማ መሆኑን አውቃለሁ።»

ጃኬቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ሳንቃውን ይነቅል ጀመር። ሳምንቱን አብሮኝ ከረመ። አባታችሁ ያደርግ እንደነበረው በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥጥ እየጠቀጠቅን ሬንጅ ቀባንበት። አንድ ከሰዓት፣ ሬንጁ እስኪሞቅ ተቀምጠን ሳለ፣ ሳያየኝ «ባያት ባያት አባቴ ነው የሚመጣብኝ፤ ከዓይኔ ትራቅ ብዬ ነበር» አለኝ።  ብሩሹን አቀበልሁት።

የጀልባዋን አሮጌ ሞተር ለማየት ሙሉጌታ የሚባል ወፍጮ ጠጋኝ ከደባርቅ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ሳቀ። «መሪጌታ፣ ይህ እኮ የወፍጮ ሞተር ነው! እኔ እንዲህ ያለውን ስፈታ ነው የኖርሁት።» ዝጎ ተጣብቋል፤ ደባርቅ ወስዶታል፣ በክረምቱ ይፈታዋል። ይነሣል አላለኝም። አይነሣም ብሎም አልተወውም።

ዳምጤ ሲሄድ «የደረቀ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የቀረውን ክፍተት ራሱ ይዘጋዋል። የለበሰችውን ሸራ ያንሡላት» አለኝ። አነሣሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጎረቤት ሁሉ «መሪጌታ፣ ሸራው ወደቀ!» እያለ ጮኸ።

«እኔ ነኝ የጣልሁት!» አልሁ።

የገባው ውኃ በየሳንቃው መጋጠሚያ ስፌት እንደ ወንፊት ፈሰሰ። አጥሩ ወዲያ ሳቅ ሰማሁ። የኛን አገር ዝናብ ግን ታውቂዋለሽ፤ በማግሥቱ መጣ፣ በሣልስቱም መጣ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ሥሯ እየገባሁ አያለሁ። መፍሰሱ ቀረና መንጠባጠብ ሆነ። ከዚያ እየቆየ ጠብ የሚል ብቻ።

ትናንት ዝናቡ ካባራ በኋላ መዳፌን ከስፌቱ ሥር ዘርግቼ ጠበቅሁ። ምንም አልወደቀበትም። በመሰላል ወጥቼ ወደ ውስጥ ብመለከት እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ረግቶ ተኝቷል፤ ሰማይ ይታይበታል። ጎረቤት አልጠራሁም። አንቺን ጠራሁሽ፣ በስምሽ፣ ጮክ ብዬ። የሰማ ይስማ።

ሰው ሁሉ ጊዜ ይሽረዋል ይለኛል። እንዲሽርልኝ ማን ጠየቃቸው? አንቺን ማስታወስ ሕመም አይደለም፤ ትዳሬ ነው። እስካለሁ ድረስ ስምሽን በቤተ ክርስቲያን በጸሎት፣ በግቢዬ በመዶሻ አነሣዋለሁ።

በሙት ዓመትሽ ፍትሐቱን አስፈትቼ፣ ዝክርሽን አብልቼ፣ በማግሥቱ ጀልባሽን አስጭኜ ጎርጎራ እወርዳለሁ። ሞተሩ ካልደረሰ ዳምጤ ይቀዝፋል። ዘመዶቼ ከአሁኑ ተሰብስበው መክረዋል፤ ሽማግሌ ነው፣ ዋና አያውቅም፣ ዳር ቆሞ ይይ ብለው ወስነዋል።

እውነት ነው፣ ዋና አላውቅም። እገባለሁ።