ቀይ ፕላስተሩ የተላጠው ሳህን

ለተከበሩ የምርምር ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት መድረክ ላይ ቆመው አዲስ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ማግኘትዎን ሲያበስሩ ፊትዎ ወዝቶ ስላየሁ፣ ደህና እንደሆኑ ገምቻለሁ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በቤተ ሙከራዎ ከአፈር ባክቴሪያ እያወጣሁ ያንኑ መድኃኒት ስፈልግ የኖርኩት የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነኝ፤ ምናልባት ካስታወሱኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የእናቴ የእግር ቁስል ለመድኃኒት አልበገር ብሎ ሆስፒታል ገብታ አምስት ቀን ሳስታምማት፣ ፈቃዴን ራስዎ አጽድቀው ሲያበቁ ሥራ ጥላ ጠፋች ብለው ስላሰናበቱኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. መደቤ ባዶውን እንዳይውል ተጨንቀው፣ ማስታወቂያውን ዓርብ ከሰዓት ለጥፈው ሰኞ ጠዋት ነቅለው፣ የባለቤትዎን ወንድም ስለቀጠሩበት አመሰግናለሁ። ማይክሮስኮፑ በየት በኩል እንደሚበራ የጽዳት ሠራተኛዋን መጠየቃቸውን ስሰማ፣ ትሑት ሰው መሆናቸው ደስ አሰኝቶኛል።

፫. ዋናው ይኸኛው ነው። ባክቴሪያ የማበቅልባቸውን ሳህኖች ከማቀዝቀዣው አውጥተው ግኝቴን የራስዎ ሲያደርጉት፣ አልዋሽዎትም፣ ጨርቄን ልጥል ነበር። የሦስት ዓመት ልፋቴ ነው። ግኝቴ ነው ያሉትን ሳህን ፎቶ ጋዜጣ ላይ ሳየው ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኛ ዘንድ ሙከራው በትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ በአንዱ ሳህን ላይ የታወቀ አሮጌ መድኃኒት እናደርግና፣ እንዳይምታታ ከሥሩ ቀይ ፕላስተር እንለጥፍበታለን። አማችዎ ፎቶ ያበላሻል ብለው ይመስለኛል ፕላስተሩን ልጠውታል፤ ሙጫው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዲህ በጭብጨባ ያበሰሩት ግኝት ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ዘመኑን ሁሉ ሲሸጠው የኖረው፣ እናቴም ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት አሥር ቀን ወስዳው ያልፈየደላት መድኃኒት ነው።

የሥራ መዝገቤንና የፈቃድ ወረቀቴን ጉዳዩን እንዲመረምር ለተቋሙ አጣሪ ኮሚቴ አስገብቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ሁሉም እንዲያነበው በይፋ ማውጣቴ፣ ለብቻዎ እንዳያፍሩ አስቤልዎ ነው።

ከወንበርዎ እስኪነሡ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣
የቀድሞ ተመራማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱን መድኃኒት የሚያመነጨው እውነተኛው ባክቴሪያ፣ ሳያነቡ በፈረሙት ደብዳቤ ለማረጋገጫ ወደ ሌላ ተቋም የላክሁት፣ እዚያው በስሜ ተመዝግቦ ይገኛል፤ እኔም ሰኞ እዚያው ሥራ እጀምራለሁ። መድኃኒቱ ሲወጣ ከቤትዎ የታመመ ቢኖር ሳይሳቀቁ ይምጡ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፈው ይወስዳሉ።