የሩት የፓምፕ ሳጥን

እሑድ
እንደገና ኢረር። ፕሮግራሙን ከኮዱ ለመገንባት ስሞክር ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የሰርኪዩት ንድፍ መሣያ ነው፤ ነፃ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት። ተዘጋጅቶ የሚወርደው ግን በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም። እህቴ ሩት ንድፎቿን ሁሉ የሣለችው በዚህ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም አይከፍታቸውም።

የምቸኩለው ለፓምፑ ነው። እዚህ ሳዑዲ፣ ኾበር፣ የቤታችን ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋውን ሳጥን የሠራችው ሩት ናት። ካረፈች አራተኛ ወሯ። ባለፈው ሳምንት ሳጥኑ ተበላሸና ውሃው በደረጃው ወረደ። አባባ "ዓርብ ኤሌትሪሺያን መጥቶ ይነቅለዋል፤ የገበያውን ይገጥማል፣ ኸላስ፣ አበቃ" አለ። እማዬ የታጠበ ሳህን ደግማ አጠበች።

ሰኞ
ፕሮግራሙ ከሚደገፍባቸውና ከጎደሉኝ ላይብረሪዎች ሁለቱን አገኘሁ። ሦስተኛው በጣም አዲስ ነው፤ የድሮውን መፈለግ አለብኝ። ዩሱፍ፣ የክፍሌ ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት ስክሪኔን አይቶ "ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ማን አባርሮት ነው የሚሮጠው?" አለኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ደነገጥኩ፤ ሩት ካረፈች ወዲህ ስቄ አላውቅም።

ማክሰኞ
ተገነባ! አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ላፕቶፑ እንደ ኾበር አስፋልት ጋለ። ኢንስቶል አደረግኩት፣ ፋይሏን ከፈትኩ። መጣ። መስመሮቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እንደ ደብተሯ። እማዬን ጠራኋት። ቆማ አየችና "ውሃው የቱ ጋ ነው?" አለች። ውሃ እንደሌለበት ነገርኳት። ቢሆንም ስክሪኑን በጣቷ ነካችው።

ረቡዕ
ሳጥኑን ፈትቼ ከንድፉ ጋር አስተያየሁ። ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል። ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ወደ ኋላ ይመታል፤ ምቱን የሚይዝ ዳዮድ ከጎኑ ከሌለ ትራንዚስተሩን ያቃጥላል። ሳጥኑ ውስጥ ዳዮድ የለም። ንድፉም ላይ የለም።

ረስታዋለች። ሩት። የእኔን የፊዚክስ ስህተት በቀይ የምታሰምርብኝ።

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ለአባባ ብነግረው "ድሮም ስህተት ነበረበት" ብሎ የሚያስነቅለው መሰለኝ።

ሐሙስ
ከትምህርት ቤት መልስ አባባ ደማም ከተማ ወዳለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ ወሰደኝ። ትራንዚስተርና ዳዮድ ያዝኩ። መኪና ውስጥ "ይሄ ትንሹ ደግሞ ለምንድን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ክላክስ እስኪያደርጉብን ዳዮዱን በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ "እሷም ትቸኩል ነበር፣ እንደ እኔ" አለ። የነገውን ኤሌትሪሺያን ግን አላስቀረውም።

ማታ ሁለቱንም በየድኩ። አንዱን አጣምሜው ስለነበር ፈትቼ እንደገና በየድኩት።

ዓርብ
ሳጥኑን ቦታው መልሼ ገጠምኩት። አባባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ታንከሩ ሲሞላ የሚነሳውን ተንሳፋፊ በእጁ አነሳ። ፓምፑ ጠፋ። "ድገመው!" አለ። አራት ጊዜ ደገምነው። እማዬ ከታች "ተዉት እንጂ፣ ዳግም ልታቃጥሉት ነው!" ብላ ጮኸች። አባባ እዚያው ቆሞ ለኤሌትሪሺያኑ ደወለ። "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ልጆቼ ሠርተውታል" አለው።

ከሰዓት ዳዮዱን ንድፉ ላይ ጨመርኩ። ጥግ ላይ የሠሪው ስም አለ፣ የእሷ። አልነካሁትም። ከሥሩ የእኔን ጻፍኩ፣ አጠፋሁት፣ መልሼ ጻፍኩት።

በጋው ገና አልገባም። ሳጥኑ የጣሪያውን ሙቀት ይችል እንደሆነ አላውቅም። ካልቻለ የምፈታው እኔ ነኝ።