ባትሪዬን ገደሉ ብዬ ለከሰስኳቸው የሕንፃችን አስተዳዳሪ

ለተከበሩ አቶ ዎልተር ኮስቲዩክ
ዊኒፔግ

ክቡር ሆይ፣ የዘንድሮው ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሰሞን ክሴን በለጠፍኩበት በዚሁ በልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ሰሌዳ ላይ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በተከራዮች ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ መብራት ለመቆጠብ ሲሉ፣ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ሌሊት የምሰካውን የሞተር ማሞቂያ ገመዴን በየማለዳው እየነቀሉ ባትሪዬን የሚገድሉት እርስዎ ነዎት ስልዎ፣ እንደ ሰው መቆጣት ሲገባዎ፣ «ኦርቪል፣ ያ ገመድ ሞተር ያሞቃል እንጂ ባትሪ አይሞላም» ብለው ቁጭ አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስሰካ የኖርኩ ሰው ይህን በጎረቤት ፊት በመስማቴ ምን ያህል እንደተደሰትኩ መገመት አያዳግትዎትም።

ሁለተኛ፣ አንድ ማለዳ መኪናዬ አጠገብ ሲያጎነብሱ አይቼ በመስኮት ሌባ ብዬ ስጮህብዎ፣ እጅዎን አንስተው ሰላምታ ሰጡኝ። ያን የመሰለ ንዴት ያለ አግባብ አባከኑብኝ።

ሦስተኛው ይከብደኛል። ባለቤቴ ኢርማ ኩላሊቷን የምትታጠብበት ቀን እንደማይታለፍ ያውቃሉ። እኔ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አያደርሳትም ብዬ የማልኩ ሰው ነኝ። መኪናዬ በሌላው ቀን ሬሳ ሆና እያደረች በሆስፒታሉ ቀን ግን ትነሳ ነበር፤ ይህንንም የእኔ ብልሃት አድርጌ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ትናንት ግን ልጄ በመከረችኝ መሠረት፣ የውስጡ መብራት መጥፋቱን ለማየት ስልኬን ቪዲዮ እየቀረጸ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ዘጋሁና ወደ ቤት ገባሁ። በኋላ ሳየው፣ በበረዶ ላይ ጎማ እንዳይንሸራተት ብዬ ለክብደት የጫንኩት የአሸዋ ከረጢት ክዳኑን እየገፋ በደንብ እንዳይገጥም አድርጎታል፤ የውስጡ መብራትም ጨርሶ አልጠፋም። ባትሪዬን የጨረሰው ይኸው የራሴ መብራት ነበር።

ስልክ ድምፅም ይቀርጻል። ከክዳኑ ውጭ እርስዎና ኢርማ ቆማችኋል።

«ነገ የሆስፒታል ቀንሽ አይደል? ቁልፉን እንደ ወትሮው አቀብዪኝ፤ በማለዳ ባትሪውን ሞልቼ እመልስልሻለሁ» ይላሉ እርስዎ።

«ዛሬ ቁርስ ላይ እንኳ ሲሰድብህ ነበር። ለምን አንነግረውም?» ትላለች እሷ።

«ተይው፣ ኢርማ። አውቆ ከሚያፍር ሳያውቅ ቢሰድበኝ ይሻላል። አንቺ ብቻ ከሕክምናሽ እንዳትቀሪ።»

ክቡር ሆይ፣ አፈርኩ። ደጋግሜ ሰማሁት፣ ደጋግሜ አፈርኩ። ስድብ ቢመልሱልኝ ኖሮ ዛሬ እኩል ነበርን፤ ይህን ዕድል ስለነፈጉኝ ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው፣ ቅሬታዬም እንደዚያው።

ፊትዎን ቀና ብሎ ለማየት ድፍረት እስኪያገኝ ድረስ በኋላ በር የሚገባና የሚወጣው፣ ሌባ ያለዎት ጎረቤትዎ

ኦርቪል ፔነር

ማሳሰቢያ፦ ከረጢቱን አውጥቻለሁ፤ መብራቱም ይጠፋል፣ መኪናዋም ያለ እርስዎ እርዳታ ትነሳለች። ይህንኑ ለኢርማ በኩራት ብነግራት፣ የማይቸገሩ ከሆነ ከእንግዲህ በእርስዎ መኪና መሄድ እንደምትፈልግ ገለጸችልኝ። እዚያ ውስጥ የሚቆጣ ሰው የለም አለች።