ቀይዋን ዐይን ከጀሪካኑ ላይ ላነሱት ክቡር ማናጀር

ለክቡር አቶ ያቤጽ፣ አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ለሚገኘው የፋይበርግላስ ገንዳ ፋብሪካችን የሥልጠናና የደኅንነት ማናጀር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ጤንነትዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ዐይኖችዎ፣ መልካም ምኞቴን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ታናሽ እኅቴ ሰሎሜም በቀኝ ዐይኗ በደንብ ታያለች። ግራው ጠፍቷል።

በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ስለ አደጋው ያወጡት ሪፖርት ጥፋቱን በእሷ ላይ ስለጣለና ቢሮዎ ደጋግሜ ብመላለስም የሚያነጋግረኝ ስላጣሁ ነው። ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስላዘጋጁልን የሙያ መዝገበ ቃላት ምስጋናዬ ወደር የለውም። እዚሁ አትላንታ ያደጉ የሀበሻ ልጅ ሆነው ሳሉ ለእኛ ፋይበሩን ለምንደራርበው ለላሚኔሽን ክፍል ሠራተኞች ተጨንቀው፣ ከዲክሽነሪና ከኮምፒውተር ለቃቅመው፣ ገንዳውን የምንሠራበትንና ሁላችንም ሬዚን የምንለውን ፈሳሽ «ሰው ሠራሽ ዝልግል ሙጫ»፣ ሬዚኑን የሚያደርቀውን ካታሊስት ደግሞ «የጽናት አነሳሽ ንጥር» ብለው ሰየሙልን። በየጀሪካኑ ላይ የነበረውን ስም አስልጠው ይህንኑ አስለጠፉ። ስብሰባ ጠርተው ያብራሩልን ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኛም አጨበጨብን።

፪ኛ፦ ለምን አልጠየቃችሁም ይሉን ይሆናል። እውነትዎን ነው፣ አልጠየቅንም። በፈረንጅ ሱፐርቫይዘሮች ፊት እጅ አውጥቶ የገዛ ቋንቋዬ አልገባኝም ማለት ሞት መስሎ ታየን፤ ይሉኝታ ይዞን ገብቶናል ብለን ፈረምን። ይህን ጠባያችንን ከወላጆችዎ ቤት ያውቁታል ብለን ነበር።

፫ኛ፦ በካታሊስቱ ጀሪካን ላይ መነጽር አድርጉ የምትለን አንዲት ቀይ የዐይን ሥዕል ነበረች። ማንበብ ለሚችል ሕዝብ ሥዕል መለጠፍ ንቀት ነው ብለው እሷንም አነሱልን። እንዴት ያለ አክብሮት ነው! በምትኳ «ብሌናዊ ንክኪ የማይቀለበስ ጉድለት ያስከትላል» የሚል ጽሑፍ ሰጡን። ሰሎሜን ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ አዲስ ስለሆነች ሥዕሏን አላየቻትም። ጽሑፉን አነበበች፤ አልገባትም፤ እንደኛው መጠየቅ አፈረች። ፈሳሹም ሲያዩት ውሃ ነው። ያለ መነጽር ስትቀዳ ዐይኗ ውስጥ ተረጨ፤ ወዲያው በውሃ መታጠብ ሲገባት ማቃጠሉ እስኪብስባት ድረስ በእጅጌዋ እየጠረገች ሥራዋን ቀጠለች። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ምን እንደገባባት ጠየቃት፤ እሷም «የጽናት አነሳሽ ንጥር» ብላ እርስዎ ያወጡትን ስም ሳታዛንፍ ተናገረች፤ በስልክ የቀረበው አማርኛ አስተርጓሚ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። እኔ ከፋብሪካው ሌላ የሥራ መሥመር ስበር ሆስፒታል ደርሼ ካታሊስት ነው እስክል ድረስ ሁሉም ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር። ወይኔ እኅቴን! አንጀቴ አርሯል፣ አቶ ያቤጽ፤ ይህን ለማለት ጨዋ ቃል አላገኘሁም።

፬ኛ፦ ሪፖርትዎ ሠራተኛዋ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስለሠለጠነች ስሕተቱ የራሷ ቸልተኝነት ነው ይላል። ዐይኗን ማጣቷ ሳያንስ ቸልተኛ የሚል ስም ተጨመረላት። እሷ ደግሞ አምናዎታለች፤ መስታወት ፊት ቆማ፣ ምናለ አማርኛዬን ባጠናሁ ኖሮ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሥዕል ለማንሳት ያልሰነፈው እጅዎ ያንን ዐረፍተ ነገርም ከሪፖርቱ ያንሳልን።

ያላወቅነውን አማርኛ ስላስተማሩን ውለታዎ የከበደበት፣ ዛሬም ከዚያው ጀሪካን የሚቀዳው ታዛዥዎ፣
ፍሬው፣ ከላሚኔሽን ክፍል

ማሳሰቢያ፦ ቀይዋን ዐይን መልሰው ለማሣል ቢያስቡና አሮጌው ሥዕል ቢጠፋብዎ አይቸገሩ። ሰሎሜ ሰኞ ቢሮዎ ትመጣለች። ፋሻውን አንስታ ፊትዎ ትቀመጣለች፤ እሷን እያዩ ይሣሉ።