መርፌው የበላው ድምፅ

ኅዳር 3
ልብስ አጠብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ሸክላውን አጫወትኩ... የሽማግሌዬን ዘፈን፣ በወጣትነቱ ያስቀረጸውን፣ አንድዬውን። ከተጋባን ጀምሮ ሳልሰማው የዋልኩበት ቀን የለም። ጉሮሮው ላይ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ሰባት ወሩ። ድምፅ የሚባል የለውም፤ የሚለውን በደብተር ይጽፍልኛል። ድምፁ የቀረው እዚህ ሸክላ ላይ ብቻ ነው። እሱም ታፍኖብኛል... ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል።

ኅዳር 6
ለማጫወቻው አዲስ ራስ ገዛሁ፣ መርፌው የሚሰካበትን፣ ከነመርፌው። ውድ ነው። ይሁን! ነገ ጥርት ብሎ እሰማዋለሁ።

ኅዳር 7
ጉድ ፈላ። ሽሽሽ... ጧ... ጧ... የጋለ ዘይት ላይ ውሃ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ዘፈኑ የት ገባ?
ሽማግሌዬ ጽፎ አሳየኝ፦ «ዝናብ ላይ ነው እንዴ የዘፈንኩት?»
ሳቅኩለት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 10
ሁለቱንም ራስ ይዤ፣ ሸክላውን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። አጭበርብረውኛል ብዬ።
«አላጭበረበሩዎትም እማማ።» (እማማ አለኝ ደግሞ! የራሱን ሽበት አያይም እንዴ?) «አዲሱ ደህና ነው። ቀጭን ድምፅ አጥርቶ ያወጣል። የጭረት ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው፣ አብሮ ይወጣል። አሮጌው ቀጭኑን ስለሚውጠው ጫጫታውን ሲሸፍንልዎት ነው የኖረው።»
«ጭረቱስ ከየት መጣ? እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዘው!»
አሮጌውን መርፌ በአጉሊ መነጽር አሳየኝ። ጫፉ ተበልቶ ምላጭ ሆኗል። «መቼ ነው የቀየሩት?»
ይቀየራል እንዴ?...
መርፌውን አስቀምጦ፣ «በተጫወተ ቁጥር ሸክላውን ሲፍቀው ነው የኖረው። የተፋቀ አይመለስም» አለኝ።
እኔው ነኝ። በገዛ እጄ። በየቀኑ፣ በፍቅር... ፍቄ ፍቄ ጨረስኩት።

ኅዳር 11
«ምን አለሽ?» ብሎ ጻፈ። ገና እያየው ነው አልኩት። ዋሸሁ።

ኅዳር 14
አልቻልኩም፣ ነገርኩት። ብዙ አሰበና ጻፈ፦ «አውቅ ነበር። እየሳሳ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ደስ ሲልሽ ሳይ ተውኩት።»
ደሜ ፈላ። «አፍ እያለህ ለምን አልነገርከኝም?!»
ወይኔ! ምላሴን በቆረጠው! አፍ እያለህ... ይባላል? ለሱ?
ደብተሩን ከደነው።

ኅዳር 15
ይቅርታ ጠየቅኩ። እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ፣ በቃ።

ኅዳር 19
አምስት ቀን ሆነ። አንድ ቃል አልጻፈም። ውሃ ሲፈልግ በእጁ ያሳየኛል። ዛሬ እርሳሱን ቀርጬ፣ ደብተሩን ገልጬ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። የፈለግከውን ጻፍ፣ ስደበኝም፣ አልኩት።
ወደ መስኮቱ ዞረ።